የሚጠየቅ ሰው በሌለበት መንገድ፦ አላስካን በወረቀት መጽሐፍ

ከሲያትል አንኮሬጅ በመኪና እንሄዳለን ስል ሰው የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው «ምን ነካህ? አውሮፕላን ጠፋ እንዴ?» ነው። ሁለተኛው «ስልክ ይሠራል?» ነው። ለመጀመሪያው መልሴ አጭር ነው። የባለቤቴ እህት እዚያ ትኖራለች፣ መኪና ሙሉ ዕቃ ጭነን ነው የምንሄደው፣ መንገዱንም ወደነዋል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው።

ስልኩ አለ፣ ኔትወርኩ የለም። ካርታውን ቀድመህ ካወረድከው ያለህበትን ቦታ ያሳይሃል። ያቺ ሰማያዊ ነጥብ ባዶ ቦታ ላይ ቁጭ ብላ ትታያለች። ከዚያ «ለሚቀጥለው 400 ኪሎሜትር ቀጥ ብለህ ሂድ» ይልሃል። ልክ ነው። ካናዳን አቋርጦ አላስካ በሚገባው አላስካ ሀይዌይ ላይ መንገድ መሳት ራሱ ከባድ ነው፤ መንገዱ አንድ ነው። የሚቸግረው ሌላ ነው። ቀጣዩ ቤንዚን የት ነው? ክፍት ነው? ትንሹ ልጅ ሽንቴ መጣ ቢል ዳር መያዣ ሰፋ ያለ ቦታ ምን ያህል ይርቃል? አስፋልቱ የሚበላሸው ከየት ጀምሮ ነው?

እኛ ሀገር ይሄ ሁሉ በመጠየቅ ያልቃል። መስታወት ዝቅ አድርገህ «ወንድሜ፣ ከዚህ ወዲያ ማደያ አለ?» ትላለህ። እሱም «አለ፣ ግን ከትናንት ጀምሮ ናፍጣ የለውም» ይልሃል። አላስካ ሀይዌይ ላይ መስታወት ዝቅ ብታደርግ የሚገባው ትንኝ ነው። ስለዚህ የምትጠይቀውን ሰው ከቤትህ ይዘኸው ትወጣለህ። ያ ሰው መጽሐፍ ነው።

ስሙ «ዘ ማይልፖስት» ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ እየታተመ ነው፤ በየዓመቱም ይታደሳል። መጠኑ እንደ መጽሔት ሰፋ ያለ ሆኖ በጣም ወፍራም ነው። አላስካን፣ ከካናዳ ደግሞ ዩኮንንና ብሪቲሽ ኮሎምቢያን፣ ከአልበርታና ከኖርዝዌስት ቴሪቶሪስም የተወሰነ ክፍል ይሸፍናል። ግን «እዚህ ከተማ ውስጥ የሚጎበኙ አሥር ቦታዎች» የሚል ዓይነት መጽሐፍ አድርገህ እንዳትጠብቀው። ዋናው ሥራው መንገዱን በየማይሉ መቁጠር ነው።

አንድ ገጽ ስትከፍት ይሄን ታያለህ። በግራ በኩል ሁለት ቁጥር አለ። አንደኛው «ዲሲ» ይላል፤ መንገዱ ከሚጀምርበት ከዶሰን ክሪክ ምን ያህል እንደራቅህ ነው። ሁለተኛው «ዲጄ» ይላል፤ መንገዱ እስከሚያበቃበት እስከ ዴልታ ጀንክሽን ምን ያህል እንደቀረህ ነው። ከጎኑ አጭር ጽሑፍ አለ። ድልድይ፣ ከነወንዙ ስም። በምሥራቅ በኩል መኪና ማቆሚያ፣ ቆሻሻ መጣያ ያለው። ለሁለት ማይል ቁልቁለት። የዱር በግ መንገድ ላይ ይወጣል፣ ቀስ በል። ከዚያ ቀጣዩ ቁጥር። እንዲህ እያለ ከአንድ ሺህ ማይል በላይ ይሄዳል።

ቤት ሶፋ ላይ ሆነህ ስታነበው እንቅልፍ ያመጣል። መኪና ውስጥ ሆነህ ስታነበው ግን እንደ እግር ኳስ ኮሜንታተር ነው። «አሁን ድልድይ ይመጣል» ሲል ድልድዩ ይመጣል። «በግራ ሐይቅ» ሲል ሐይቁ ብቅ ይላል።

ይህን መጽሐፍ ከሁሉም ቀድመው የገባቸው አማቴ ናቸው። አማቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአሰብ መንገድ ላይ ነው። በኤንትሬ ጀምረው በተሳቢ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። ጣርማ በርን ወጥተው፣ ኮምቦልቻን፣ ባቲን፣ ሚሌን አልፈው በረሃውን የሚያቋርጡት በሌሊት ነበር። እንግሊዝኛቸው ብዙም አይደለም። ቁጥር ግን ቁጥር ነው። መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አድርገው፣ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ ሲከታተሉ ቆዩና «ይሄ እኮ ረዳት ነው» አሉ። ባለቤቴ ጽሑፉን ታነባለች፣ እሳቸው ቁጥሩን ይጠብቃሉ፣ እኔ እነዳለሁ። የመጀመሪያው ምክሬ ይሄው ነው። መጽሐፉን የሚይዝ ሰው ይኑርህ። ሹፌሩ ራሱ እየነዳ የሚያነበው ነገር አይደለም። ብቻህን ከሆንክ ደግሞ ማታ አልጋ ላይ የነገውን መንገድ አንብብና ዋና ዋናውን በትንሽ ወረቀት ገልብጠህ ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፍ።

አሁን ሰው ሁሉ ግራ የሚጋባበት ቦታ ላይ ደረስን፤ ቁጥሮቹ። አላስካ ሀይዌይ ላይ ሦስት ዓይነት ቁጥር አለ፤ ሦስቱም አይገጥሙም።

የመጀመሪያው ታሪካዊው ማይል ነው። መንገዱ ሲሠራ የነበረው ርዝመት ነው። ያኔ መንገዱ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ነበር። በኋላ እየተቃና እያጠረ መጣ። የድሮው ቁጥር ግን የሰዎች አድራሻ ሆኖ ቀርቷል። «ማይል 496» ካልክ የሊያርድ ፍልውሃ ማለትህ ነው። ዋይትሆርስ ከተማ 918 ናት፤ መጨረሻው ዴልታ ጀንክሽን 1,422። ሁለተኛው ካናዳ ውስጥ ዳር ላይ የተተከለው የኪሎሜትር ምልክት ነው። ሦስተኛው መጽሐፉ ራሱ ነድቶ የለካው የዛሬው ርቀት ነው። በዚህኛው ዋይትሆርስ 887 አካባቢ ትሆናለች፤ ጠቅላላ መንገዱም 1,387 ገደማ ነው።

ልዩነቱ ሠላሳ ማይል አልፎ ይሄዳል። ይሄ ቀልድ አይደለም። ቤንዚን ቀይ ላይ ሆኖ «ማደያው ማይል እንትን ላይ ነው» ብሎ የነገረህ ሰው ያወራው ስለ የትኛው ማይል እንደሆነ ካላወቅህ ልብህ ትወጣለች። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከአንድ ከተማ ስወጣ የመኪናዬን የጉዞ ቆጣሪ ዜሮ አደርጋለሁ። አማቴ መጽሐፉ ላይ የዚያን ከተማ ቁጥር በእርሳስ ይጽፋሉ። ከዚያ በየድልድዩ እናስተያያለን። ድልድይ ጥሩ ነው፤ ስም ተጽፎበታል፣ አይንቀሳቀስም። ማደያ ይዘጋል፣ ምልክት ይወድቃል፣ ድልድይ ግን እዚያው ነው። ሁለት ድልድይ ከገጠመ ቀሪውን ታምነዋለህ። የአሜሪካ መኪና በማይል ይቆጥራል፣ ካናዳ በኪሎሜትር ትናገራለች። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ዳሽቦርዱን ወደ ኪሎሜትር መቀየር ይቻላል፤ የፍጥነት ገደቡን ለማክበርም ይጠቅማል። እኛ ግን በማይል ነው የምንተወው፣ መጽሐፉ በማይል ስለሚጀምር።

ስትመለስ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነው። ገጹ የተጻፈው ወደ ሰሜን ለሚሄድ ሰው ነው። ወደ ደቡብ ስትወርድ ከታች ወደ ላይ ነው የምታነበው። ቀኝ የነበረው ግራ ይሆናል፣ ዳገት ተብሎ የተጻፈው ቁልቁለት ይሆናል። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ በጣም ተናዳ ነበር። አሁን ግን ለምዳው ገልብጣ ታነበዋለች።

ቤንዚን። ይሄ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ትልልቆቹ ከተሞች በሩቅ የተራራቁ ናቸው። ከዶሰን ክሪክ እስከ ፎርት ኔልሰን 283 ማይል ነው። ከፎርት ኔልሰን እስከ ዋትሰን ሌክ 330 ገደማ። ከዋትሰን ሌክ ዋይትሆርስ ከ270 በላይ። ከዋይትሆርስ አላስካ ውስጥ እስካለችው ቶክ ወደ 390 ይጠጋል። ከቶክ አንኮሬጅ ደግሞ 328። መሃል ላይ ምንም የለም ማለት አይደለም። ማደሪያና ማደያ አንድ ላይ የያዙ ቤቶች አሉ፤ ቶድ ሪቨር፣ መንቾ ሌክ፣ ሊያርድ አካባቢ። ግን እነዚህ የግል ቤቶች ናቸው። ባለቤቱ ሲታመም ይዘጋሉ። የበረዶው ወራት ሲገባ ይዘጋሉ። ሲሸጡ ይዘጋሉ። ማታ ደግሞ ፓምፑን ቆልፈው ይተኛሉ።

ስለዚህ ከመነሳታችን በፊት ባለው ማታ ሃይላይተር ይዘን እንቀመጣለን። ማደያ ሁሉ ቢጫ፣ ማደሪያ ሁሉ ሮዝ። ከዚያ ዋናው ነገር ስልክ ቁጥሩ ነው። መጽሐፉ ማስታወቂያዎችን በየማይላቸው ቦታ ያስገባል፤ እያንዳንዱ ማስታወቂያ ስልክ ቁጥር አለው። ጠዋት ኔትወርክ ካለበት ከተማ ሳንወጣ የነገ ሳይሆን የዛሬዎቹን እንደውላለን። «ክፍት ናችሁ? ቤንዚን አለ? እስከ ስንት ሰዓት?» በቃ። አንድ ጊዜ አንዱ ቤት መጽሐፉ ላይ ሙሉ ገጽ የሚያህል ማስታወቂያ ኖሮት፣ ስንደውል ስልኩ ከነጭራሹ ተቋርጦ አገኘነው። ስናልፍ በሩ ላይ እንጨት ተመቶበታል። ቀድመን ሞልተን ስለነበር እጃችንን አውለብልበን አለፍን።

አማቴ በዚህ ላይ የራሳቸው ሕግ አላቸው። «ነዳጅ ያየህበት ቅዳ፤ ዋጋ የምትጠይቀው ከተማ ውስጥ ነው» ይላሉ። በአሰብ መንገድ የተማሩት ነው። እኔም ግማሽ ሲሆን እሞላለሁ። ዋጋው ከሲያትል ጋር አይወዳደርም፤ በሊትር የተጻፈውን ወደ ጋሎን ስታሰላው ሆድህ ይጮኻል። ተወው፣ አታስላው።

ስለ ማስታወቂያው አንድ ነገር ልጨምር። ማስታወቂያ ማስታወቂያ ነው። «በሰሜን ምርጡ የቀረፋ ዳቦ» የሚሉ ቤቶች ብዛታቸው ያስቃል፤ ሁሉም ምርጥ ሊሆኑ አይችሉም። አዘጋጆቹ ራሳቸው የጻፉት ዝርዝር ጽሑፍና ቤቱ ከፍሎ ያስገባው ሳጥን ይለያያሉ። እኔ የማምነው ዝርዝሩን ነው። እሱ «ጠጠሩ እዚህ ይጀምራል» ሲል ጠጠሩ እዚያ ይጀምራል።

ሁለት ቦታ ላይ መጽሐፉ ቀድሞ ስለነገረን ተዘጋጅተን ደርሰናል። አንዱ ሊያርድ ፍልውሃ ነው። ውሃው ከ42 እስከ 52 ዲግሪ ይደርሳል። ከመኪና ማቆሚያው ወደ ውሃው የሚወስደው በረግረግ ላይ የተነጠፈ የእንጨት መንገድ ነው። ረግረጉ ራሱ ሞቃት ስለሆነ ሙስ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን ይሰማራበታል። ስለዚህ የዋና ልብስና ፎጣ ከሻንጣው ሥር ሳይሆን ከላይ ይሁን። አማቴ ልብሳቸውን አውልቀው ገና እግራቸውን እንዳስገቡ «በስመ አብ» አሉና እስከ አንገታቸው ገቡ። ከዚያ የሚያወጣቸው ጠፋ። የወገብ ሕመም ላለው ሰው፣ በተለይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለዋለ፣ ከዚህ የተሻለ ማረፊያ መንገዱ ላይ የለም። የፓርኩ ጠባቂዎች ስለ ድብ የለጠፉትን ማስጠንቀቂያ ግን አንብቡ፤ የጌጥ አይደለም።

ሌላው ዋትሰን ሌክ ያለው የምልክቶች ጫካ ነው። በ1942 ካርል ሊንድሊ የሚባል አገሩ የናፈቀው አሜሪካዊ ወታደር ወደ ትውልድ ከተማው የሚጠቁም ሰሌዳ ተከለ። ከዚያ አላፊ አግዳሚው ሁሉ የራሱን መስቀል ጀመረ። ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰሌዳዎች አሉ። መጽሐፉ ይህን ቀድሞ ስለሚነግርህ ሰሌዳህን ከቤት ሠርተህ መሄድ ትችላለህ። እኛ ትንሽ ጣውላ ላይ በግዕዝ ፊደል «ደብረ ብርሃን» ብለን ጻፍን። ልጃችን ቀለሙን ቀባ፣ አማቴ መዶሻውን አልሰጥም አሉ። ምስማሩን የመቱት ሦስት ጊዜ ለክተው ነው። አጠገቡ የጀርመንኛና የጃፓንኛ ሰሌዳ ነበር። መዶሻና ምስማር ይዛችሁ ሂዱ።

ከፍታውን በተመለከተ መጽሐፉ ሰሚት ሌክ ላይ ስትደርስ የአላስካ ሀይዌይ ከፍተኛው ቦታ ነው ይልሃል፤ 4,250 ጫማ፣ ወደ 1,300 ሜትር መሆኑ ነው። ባለቤቴ ይህን ስታነብ አማቴ ሳቁ። «ይሄ ለእኛ ቆላ ነው» አሉ። ግን መልክዓ ምድሩ ሲታይ አፍ ያስይዛል፤ ዛፉ ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ ያልቅና ድንጋዩ ይጀምራል። የዱር በጎቹም ጨው ሊልሱ አስፋልቱ ላይ ይወጣሉ። ከዚያ ወዲያ ወደ ዋትሰን ሌክ ሲቃረብ ጎሽ የሚመስለው ባይሰን በመንጋ ዳር ላይ ይተኛል። በጨለማ አይታይም። ማታ አትንዱ። በበጋ ጨለማው ራሱ አጭር ስለሆነ ማታ የመንዳት ምክንያትም የለም።

መጽሐፉ ከሁሉ የጠቀመን ከዴስትራክሽን ቤይ ወዲያ እስከ አሜሪካ ድንበር ባለው መንገድ ላይ ነው። እዚያ ከመሬቱ በታች ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ በረዶ አለ። አስፋልቱ ሙቀት ስለሚስብ በረዶው ከሥር ይሟሟል፣ መሬቱ ይሰምጣል፣ በሌላ ቦታ ደግሞ ይነሳል። ከሩቅ ሲታይ ደህና አስፋልት ነው። በሙሉ ፍጥነት ስትገባበት ግን መኪናህ ይዘላል፤ ተጎታች ያለው ሰው ደግሞ ዕቃው ሁሉ ጣሪያ ይመታል። አንዳንዱ ቦታ ትንሽ ባንዲራ ይተከልበታል፣ አንዳንዱ የለውም። መጽሐፉ የት እንደሚጀምር ይነግርሃል፤ የትኛው ጉብታ እንደሆነ ግን አይነግርህም። እዚህ ላይ ያዳነን የአማቴ ዓይን ነው። «መንገዱን አትይ፣ መስመሩን እይ» አሉኝ። መሃል ላይ ያለው ቢጫ መስመር ከሩቅ ከተወላገደ እዚያ ጋ ጉድጓድ ወይም ጉብታ አለ ማለት ነው። እውነታቸውን ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ በዚህ ነው የምነዳው።

መጽሐፉ ውስጥ የመንገዱ ታሪክም በየቦታው ተበትኖ አለ። ባለቤቴ እያነበበች ስትተረጉም አማቴ ከሁሉ የያዛቸው ይሄ ነው። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከመታች በኋላ አሜሪካ አላስካን በየብስ ማገናኘት ፈለገች። በ1942 ከመጋቢት እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ከአሥር ሺህ በላይ ወታደሮች በጫካና በረግረግ ውስጥ ይህን መንገድ ከፈቱ። ከእነሱ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ጥቁሮች ነበሩ። 93ኛው፣ 95ኛውና 97ኛው የመሐንዲስ ሬጅመንቶች ከነጮቹ ተለይተው ነው የሠሩት። አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ብርድ አይተው የማያውቁ ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የመጡ ልጆች ነበሩ። የሲካኒ ቺፍን ወንዝ የመጀመሪያ ድልድይ ከእንጨት በጥቂት ቀናት ያቆሙት የ95ኛው ልጆች ናቸው። ከቶክ ወደ ዴልታ ጀንክሽን ከሄዳችሁ ደግሞ የገርስትል ወንዝ ድልድይ በጥቁር አርበኞች ስም ተሰይሟል። መንገዱ ለሲቪል ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በ1948 ነው፤ መጽሐፉ በማግሥቱ ዓመት መውጣቱም ለዚህ ነው። ሲካኒ ቺፍ ላይ ስንደርስ አማቴ «አቁም» አሉ። ወርደው ወንዙን አዩት። መንገድ የሠራን ሰው ሹፌር አይረሳውም።

አሁን የማይችለውን ልንገራችሁ። መጽሐፉ የሚታተመው ከበጋው በፊት ነው። ትናንት የተነሳን እሳት አያውቅም። በግንቦት 2024 የፎርት ኔልሰን ነዋሪዎች በሙሉ በሰደድ እሳት ምክንያት ከተማቸውን እንዲለቁ ታዘው ነበር። ከዚያ በፊት በ2023 በዚያው አካባቢ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ትልቁ የተመዘገበ ሰደድ እሳት ተነስቷል። እንዲህ ሲሆን መንገዱ ይዘጋል፣ አንዳንዴም በአጃቢ መኪና ብቻ ታልፋለህ። ስለዚህ ኔትወርክ ባገኘህ ቁጥር መጀመሪያ የምትከፍተው ዋትሳፕን አይሁን። የመንገዱን ሁኔታ የሚነግሩህን ድረ ገጾች፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ድራይቭ ቢሲን፣ ዩኮንና አላስካ ውስጥ 511ን እይ። ከዚያ በኋላ ዋትሳፕ።

ለአደጋ ጊዜም መጽሐፉ አይጮህልህም። ከአይፎን 14 ጀምሮ ያሉት ስልኮች ኔትወርክ በሌለበት በሳተላይት የድረሱልኝ መልእክት ይልካሉ፤ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ይሠራል፣ ከ62 ዲግሪ በላይ ባለው የአላስካና የካናዳ ሰሜናዊ ክፍል ግን ላይሠራ ይችላል። ሰማይ በደንብ የሚታይበት ቦታ መቆም ያስፈልጋል። ቤት እያላችሁ መለማመጃውን ሞክሩት። ነዳጅ ላይ ቆጥቦ ስኮርታ ጎማው ላይ ነፋስ ሳያስሞላ የሚወጣ ሰውም አለ። ክሪኩንም እዩት፤ ዕቃው ሁሉ ከላዩ ተጭኖ አታገኙትም።

ለእኛ ሰው የሚሆን ስለ ድንበር ትንሽ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካናዳ ለመግባት ካርዱ ብቻ አይበቃውም፤ ጊዜው ያላለፈበት የአገሩን ፓስፖርትም መያዝ አለበት። ከእኛ ሰዎች ብዙዎች አንዴ አሜሪካ ከገቡ በኋላ የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸው መሳቢያ ውስጥ ጊዜው ያልፍበታል። የአማቴን ለማሳደስ ብዙ ወራት ቀድመን ነው የጀመርነው። ወደ አላስካ ስትገቡ ደግሞ ተመልሳችሁ አሜሪካ እየገባችሁ ነው፤ ወረቀቱ እጃችሁ ላይ ይሁን። ሥጋና ፍራፍሬ ላይ ጥያቄ ይበዛል፤ ቋንጣውን ተዉት። በሶና ድርቆሽ ይበቃል። በርበሬ በላስቲክ ቋጥራችሁ ከያዛችሁ ስሙን ጻፉበት፤ ቀይ ዱቄት ለማስረዳት ድንበር ጥሩ ቦታ አይደለም። ሰዓትም ይቀየራል። ዩኮን ከ2020 ጀምሮ ሰዓት መቀያየር ትታለች፤ በበጋ አላስካ ከዩኮን በአንድ ሰዓት ወደኋላ ናት። ማደሪያ ስትይዙ አስቡበት።

የትኛውን እትም ልግዛ ለሚል፦ የዘንድሮውን። አሮጌው በርካሽ ይገኛል፣ ወንዙና ተራራው ያው ነው። ለማንበብና ለማለም ይበቃል። ማደያና ማደሪያ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ይገለበጣል። ዲጂታሉም አለ፤ እኔ ግን ወረቀቱን ነው የምመርጠው። ባትሪ አይጨርስም፣ ፀሐይ ላይ ይነበባል፣ ይጻፍበታል፣ ሦስት ሰው በአንዴ ያየዋል። ግዙፍነቱ ካስቸገራችሁ የምትሄዱበትን መንገድ ገጾች ቆርጣችሁ በክሊፕ ያዙ። ባለቤቴ መጽሐፍ መቁረጥ ኃጢአት ነው ስለምትል እኛ ጋ አልተሞከረም። የኋላ መቀመጫ ላይ አትጣሉት፤ ከዕቃ ሥር ይገባል። ቦታው ከፊት ተሳፋሪው እግር አጠገብ ነው።

አላስካ ሀይዌይ ዛሬ አስፋልት ነው፤ ሰው ይመላለስበታል። መጽሐፉ የግድ የሚሆነው ከእሱ ስትገነጠል ነው። በካናዳ ሰሜን ወደ ኢኑቪክ ከተማ የሚወስደው የዴምፕስተር መንገድ ወደ 740 ኪሎሜትር የሚጠጋ ጠጠር ነው። ከመነሻው የመጀመሪያው ቤንዚን ኢግል ፕሌንስ ነው፣ ኪሎሜትር 369 ላይ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ወንዝ በጀልባ ትሻገራለህ። በረዶው ሲጠነክር በበረዶው ላይ ይታለፋል፣ ሲጠነክርና ሲቀልጥ መካከል ባሉት ሳምንታት ግን ጀልባውም በረዶውም የለም፤ ሄደህ ቆመህ ትመለሳለህ። ከፌርባንክስ በላይ ያለው ዳልተን ደግሞ 414 ማይል ነው፤ ወደ ነዳጅ ማውጫዎቹ ዕቃ የሚያመላልሱ ከባድ መኪኖች መንገድ ነው። እነሱ ሲመጡ ቀኝህን ይዘህ ፍጥነትህን ቀንስ፤ ጠጠሩ የፊት መስታወት ይሰብራል። አማቴ ይሄንን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ፣ «እዚያ ነው መሄድ» እያሉ ነው። መኪና የምትከራዩ ከሆነ ውሉን አንብቡ፤ ብዙዎቹ አከራዮች እነዚህን የጠጠር መንገዶች በስም ጠርተው ይከለክላሉ፣ ኢንሹራንሱም አይሠራም። በራሳችሁ መኪና ከሆነ ሁለት ስኮርታ ያዙ። ኮልድፉት፣ ማይል 175 ላይ፣ ስትደርሱም እስከ አፉ ሙሉት፤ ከዚያ መንገዱ እስከሚያበቃበት እስከ ዴድሆርስ 240 ማይል ያህል ማደያ የለም።